ሁለት በሽተኞች፣ አንድ ጠርሙስ

ይታየው መኳንንት ከገደል የወደቀው ጓሳ ለአጨዳ በተከፈተበት ዓመት ነው። ጓሳ ማንም ዝም ብሎ የሚገባበት መሬት አይደለም። ሽማግሌዎች መክረው ሲዘጉት ተዘግቶ ይከርማል፤ ሲከፈት ደግሞ የመንዝ ሰው ማጭዱንና ገመዱን ይዞ ወደዚያ ይተማል። ይታየው ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ጉልበተኛ፣ ንግግር የማያበዛ ገበሬ። ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር አጭዶ ፈረሱ ላይ ሲጭን ፈረሱን አፋፉ ላይ አዳለጠው። ይታየው ገመዱን መልቀቅ ሲገባው አልለቀቀም። ፈረሱ እንደምንም ተንፈራግጦ ተነሣ። እሱ ግን የሁለት ሰው ቁመት ያህል ወርዶ በጀርባው ድንጋይ ላይ አረፈ።

ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኛ። አከርካሪው ተሰንጥቋል፤ እግሩን ግን አላሳጣውም። ሲወጣ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ለዐሥር ቀን የሚበቃ ተሰጠው። ዐሥሩ ቀን ሲያልቅ ሕመሙ አላለቀም፤ እርሻው ደግሞ አይጠብቅም። ገበያ ወጥቶ አንድ መድኃኒት ቤት ገባና ባዶውን ማሸጊያ አሳየ። ማን አዘዘልህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«መጀመሪያ ለጀርባዬ ነበር» ይላል ዛሬ ሲያወራው። «ቀጥሎ ለሥራ ሆነ። ቀጥሎ ለእንቅልፍ። መጨረሻ ላይ ለምንም አልነበረም፤ ካልዋጥኩት ሰው አልሆንም ነበር፣ በቃ።»

በሁለተኛው ዓመት፣ በቀን ሁለት ይወስድ የነበረው ዐሥር ደረሰ። የቀረበት ቀን ያዛጋዋል፤ አፍንጫው ይፈስሳል፤ ብርድ እያንቀጠቀጠው ያልበዋል፤ እግሩ ውስጥ ጉንዳን የሚተራመስ ይመስለዋል። ሚስቱ ኮከቤ ክረምቱን ሙሉ ፈትላ ያሠራችውን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባናዋን፣ ወስዶ ሸጠው። ከዚያ የአባቱን ሁለት በጎች ሸጠና ቀበሮ በላቸው አለ። አባቱ አቶ መኳንንት በሳምንቱ አንደኛዋን በግ በጆሮዋ ምልክት ለይተው የሰው መንጋ ውስጥ አገኟት። ቤት ገብተው ለልጃቸው ምንም አልተናገሩትም። ያ ዝምታ ወራት ቆየ።

ነገሩ የፈነዳው የገብስ አጨዳ ለት ነው። ይታየው ደቦው መሃል ማጭዱ ከእጁ ወደቀ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፤ እንደ ታረደ በግ መንፈራገጥ ጀመረ። ዘመድ አዝማድ ተሸክሞ ጸበል ወሰደው። ዐሥራ አምስት ቀን ሰነበተና በሰውነቱ በርትቶ ተመለሰ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ግን እግሩ ወደዚያው መድኃኒት ቤት መራው። ያን ጊዜ የቤተሰቡ የንስሐ አባት አቶ መኳንንትን ለብቻ ጠርተው፣ «ጸበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይየው። ጠቋር ሜዳ ጤና ጣቢያ ይህንኑ የክኒን ሱስ የሚያክሙ መጥተዋል አሉ» አሏቸው።

ጠቋር ሜዳ ጤና ጣቢያ የመጣው ጥናት ነበር። በዕውቀቱ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሁለት ነገር ለማወቅ ይፈልግ ነበር። አንደኛው፣ እንደ ይታየው ያለ በማስታገሻ ሱስ የተያዘ ሰው ከተማ ድረስ ሳይሄድ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሊታከም ይችላል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በካንሰር የሚሠቃይ ገበሬ ቤቱ ተኝቶ ሞርፊን እየወሰደ፣ ሳይጮህ ሊሞት ይችላል ወይ የሚል ነው። ለዚህ የሚሆን የምርምር ገንዘብ ሲጠይቅ ሦስት ጊዜ ተመልሶበታል። አንዱ ገጠር ውስጥ ሱስ የለም አለው። ሌላው የገጠር ጤና ጣቢያ በሞርፊን ሊታመን አይችልም አለው። በአራተኛው አንድ ድርጅት ለሁለት ዓመት ፈቀደለት፤ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ መጥተው አይተው ይቀጥል ወይም ይቁም ሊሉ።

ሥራውን የያዘችው ሲስተር ትሕትና ናት። ግሼ ራቤል ተወልዳ ያደገች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቆፍጣና ነርስ። ይታየውን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «በየጠዋቱ ትመጣለህ፤ ክኒኑን ፊቴ ቆመህ ትውጣለህ» አለችው። «በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እቀንስልሃለሁ። እቤት የምትወስደው የለም። ጀርባህንም በእንቅስቃሴ እናሠራዋለን፤ ሕመሙ ሳይታከም ሱሱ ብቻ አይለቅህም። አንድ ቀን ብትቀር ግን እኔ ራሴ ቤትህ እመጣለሁ።»

ከቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። አቶ መኳንንት ሰባ ዓመት አልፏቸው ሳለ፣ ልጃቸው ወደ ገበያው እንዳይታጠፍ፣ በየጠዋቱ በርኖሳቸውን ደርበው አብረውት ወጡ። በጉም ውስጥ ዱላቸው ድንጋይ ሲመታ ይሰማል እንጂ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ሁለት ወር እንዲህ ሄዱ። አንድ ጠዋት መንገድ መሃል ቆሙና፣ «ለመሆኑ ያች ቀበሮ ምን ታህላለች?» አሉት።

ይታየው ከአጠገባቸው ቆመ። «እኔን ታህላለች፣ አባባ» አለ።

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ከብቱም፣ ስለ ሰዉም እያወሩ ይመላለሱ ጀመር።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ይታየው ምንም ሳይወስድ ማደር ቻለ። ጀርባው አልዳነም፤ እንዴት እንደሚያጎነብስ፣ መቼ ማረፍ እንዳለበት ግን ተማረ። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አባቱ ታመሙ።

መጀመሪያ ወገባቸውን ነበር ያሉት። ቀጥሎ ዳሌያቸውን፤ ቀጥሎ የጎን አጥንታቸውን። ደብረ ብርሃን ተወስደው ሲመረመሩ ካንሰሩ ከፕሮስቴት ተነሥቶ አጥንታቸው ውስጥ ተሰራጭቷል ተባለ። ወደ ቤት መለሷቸው። በሕይወታቸው ሰው ፊት ኡህ ብለው የማያውቁት ሰው፣ ኮከቤ ትራስ ስታስተካክልላቸው እንኳ እጃቸውን ነክሰው ያቃስቱ ጀመር። ምግብ ተዉ። ጸሎት እንኳ አልያዝ አላቸው።

ሲስተር ትሕትና በፈረስ መጣች። የሞርፊን ሽሮፕ የያዘ ጠርሙስ፣ መለኪያ ስሪንጅና መቆለፊያ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ይዛለች። በየአራት ሰዓቱ ስንት ሚሊ እንደሚሰጥ፣ ሆድ እንዳይደርቅ ምን እንደሚጨመር፣ እያንዳንዱ የተሰጠ መጠን መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚሞላ አሳየች። ቁልፉን ለኮከቤ ሰጠቻት፤ ኮከቤም ከማተቧ ጋር አሰረችው። ከዚያ ሲስተር ትሕትና ወደ ይታየው ዞረች። አባቱ አልጋው ላይ ሆነው ያዩታል።

«ይታየው፣ ይህ ነገር ቤትህ ውስጥ ሲቀመጥ ትችለዋለህ?»

«እችላለሁ» አለ።

ሲስተር ትሕትናም ስለ ቤቱ በሚሞላው የጥናቱ ቅጽ ላይ ምልክት አደረገች።

በሦስተኛው ቀን አቶ መኳንንት ተቀምጠው የተበጠበጠላቸውን በሶ ጠጡ። በሳምንቱ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። ጎረቤቱ ሁሉ ተገረመ። ይታየው ግን ሌላ ነገር ውስጥ ነበር። ሳጥኑ ከራስጌው መደብ ላይ ተቀምጧል። በሬውን ጠምዶ ሲያርስ ሳጥኑ ይታየዋል። ኮከቤ ቁልፉን ስታወጣ የሚሰማው የማተቧ ክር ድምፅ ሳይቀር ጆሮው ውስጥ ይቀራል። ለማን ይናገራል? እችላለሁ ብሏል።

ለወትሮው ሲስተር ትሕትና የምትተወው የሦስት ቀን መድኃኒት ነው። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ግን በጸጥታው ችግር መንገዱ ይዘጋ ይከፈት ጀመር። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው መሃል ላይ መድኃኒት እንዳይቋረጥባቸው ብላ የሁለት ሳምንቱን በአንድ ጊዜ አመጣችው። ሳጥኑ ሞላ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በዓሉ የደብራቸው ነው፤ ታቦት ይወጣል፤ አገሩ ሁሉ ይሄዳል። ኮከቤ የማኅበሩን ዝክር የምታወጣው ተራዋ ስለነበር መቅረት አልቻለችም። የአራት ሰዓቱንና የስምንት ሰዓቱን መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። በሩ ላይ ቆማ ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች።

«ልቅር እንዴ?» አለችው።

«ሂጂ። ምን ሆኜ?»

ቁልፉን ሰጠችውና ዓይኑን ትንሽ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ይታየው የአራት ሰዓቱን በሚገባ ሰጠ። መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ሳጥኑን ቆለፈ። ወደ አምስት ሰዓት ላይ አባቱ ልብሳቸው ረጠበና ሊቀይርላቸው ብድግ አደረጋቸው። ያን ጊዜ ጀርባው ቀጭ አለ። ዱሮ የሚያውቀው ሕመም፣ ከወገቡ ተነሥቶ እስከ ተረከዙ ወረደ። አባቱን እንደምንም አስተኝቶ ራሱ መሬት ላይ ተዘረጋ። ከሩቅ ከበሮ ይሰማል። ቤቱ ውስጥ ከእሱና ከአባቱ ሌላ ማንም የለም። የተማረውን ሁሉ ሞከረ፤ ጉልበቱን አጠፈ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ እስከ መቶ ቆጠረ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ጭኑን ይወጋዋል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተነሣ። ጠርሙሱን አወጣ፤ የአባቱን ልክ በስሪንጁ ስቦ አጠጣቸው። እጁ ግን ጠርሙሱን አልከደነም። ደግሞ ሳበና በራሱ አፍ ውስጥ ጨመቀው። መራራ ነበር። እንደዋጠው ገና ሳይሠራ፣ ሕመሙ ገና እዚያው እያለ፣ የዱሮው ዕረፍት ተሰማው። ቀና ሲል የአባቱ ዓይን ተገልጦ ያየዋል።

«ለእኔ ስንት ሰጠኸኝ?» አሉ አቶ መኳንንት።

«የታዘዘውን።»

«ለራስህስ?»

ይታየው ጠርሙሱን ከደነ። አባቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኮከቤ ከበዓሉ ስትመለስ ባሏን ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቁልፉን አወጣና መሬት ላይ አስቀመጠው። አልጠየቀችውም፤ ገባት። ነገር ግን የከፋው ገና እየመጣ ነበር። የዐሥራ ሁለት ሰዓቱን መድኃኒት ስታቀርብላቸው አቶ መኳንንት አፋቸውን ገጠሙ።

«አባባ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ከእንግዲህ አልወስድም። ያንን ሳጥን ከቤቴ አውጪልኝ።»

«ሕመሙ ይነሣል፣ አባባ!»

«ይነሣ። እኔ ሟች ነኝ። እሱን ግን አራት ወር በእግሬ ሄጄ ነው ያመጣሁት፤ በእኔ ምክንያት አይመለስበትም።»

ሕመሙ ተነሣ። ሲነጋ የአቶ መኳንንት ከንፈር በጥርሳቸው ተበጥሷል። ኮከቤ ለመነች፤ ይታየው እግራቸው ላይ ወደቀ። እጃቸውን አነሡና ጭንቅላቱን ዳበሱት፤ መድኃኒቱን ግን እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ የሚጮኹት ጩኸት የሰው አልመስል አለው።

ይታየው ጠርሙሱንና መዝገቡን በሸማ ጠቅልሎ፣ ጀርባውን እየጎተተ ወጣ። የአንድ ሰዓት ተኩሉ መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጀበት። በየዳገቱ ጠርሙሱ ደረቱ ላይ ይሞቃል። አንድ ጉንጭ ብትጨምር ጀርባህ ይፈታና ቶሎ ትደርሳለህ፣ ለአባትህም የሚሻለው ይኸው ነው የሚል ሐሳብ ተመላለሰበት። ደግሞ ሐሳቡ እውነት ይመስላል፤ የሚያስፈራውም ይህ ነበር። ሮጦ ማምለጥ አይችል፤ ጀርባው አይፈቅድለትም። ዝም ብሎ በአጭር አጭር እርምጃ ሄደ።

ሲስተር ትሕትና ጠረጴዛዋ ላይ ጠርሙሱን ሲያስቀምጠው ቀና ብላ አየችው።

«ትናንት በስምንት ሰዓት አንድ ጉንጭ ጠጥቻለሁ» አላት። «አባባ አዩኝ። ከዚያ ወዲህ እኔን ለማዳን ብለው መድኃኒቱን እምቢ አሉ። እየጮኹ ነው። እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ፤ እሳቸው ዘንድ ግን ይምጡ።»

ሲስተር ትሕትና አልተቆጣችም። ትንፋሹን አዳመጠች፤ ዓይኑን በመብራት አየች፤ ጀርባውን ነካካች። ከዚያ ራሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች። «በአባትህ ፊት ትችለዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። አባቱ እያየው የትኛው ወንድ ልጅ አልችልም ይላል? ማወቅ ነበረብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ።»

ፈረስ ተጫነ። ቤት ሲደርሱ አቶ መኳንንት ላብ በላብ ሆነው ተኮራምተዋል። ሲስተር ትሕትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው አባባ፣ እምቢ አሉ አሉ።»

«ልጄን ካወጣሁት ጉድጓድ መልሰሽ ልትከቺው ነው?» አሉ በጥርሳቸው መሃል።

«አይደለም። ራሱ መጥቶ ነገረኝ። የሚጠፋ ሰው ሦስት ሰዓት በዚያ ጀርባ ተጉዞ፣ ጠርሙሱን እንደያዘ፣ ጠጣሁ ብሎ አይናገርም። እሱም ይታከማል፤ እርስዎም ይታከማሉ። ሳጥኑ ከዚህ ቤት ይወጣል። መድኃኒቱ ግን በሰዓቱ ይመጣል።»

አቶ መኳንንት ልጃቸውን ፈለጉት። በሩ ላይ ቆሟል። «ሄደህ ነገርካት?» አሉት።

«ነገርኳት፣ አባባ።»

አፋቸውን ከፈቱ። ሲስተር ትሕትና ስሪንጁን አቀረበች።

ሳጥኑ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እማሆይ አስካለ ማርያም ቤት ሄደ። እማሆይ የመነኮሱ ባልቴት ናቸው፤ ሰባቱን የጸሎት ሰዓት ሳያጓድሉ የሚጠብቁ። ሲስተር ትሕትና ሰዓቱን ስትነግራቸው፣ «ለጸሎት የምነሣባት ጊዜ ናት፤ ምን ችግር አለው» አሏት። ቁልፉ ኮከቤ አንገት ላይ ቆየ። ሁለቱ ሴቶች አብረው ካልሆኑ ሳጥኑ አይከፈትም። ይታየውም ወደ ሲስተር ትሕትና ጠዋት ጠዋት መመላለስ እንደገና ጀመረ፤ ለአንድ ጉንጭ ተብሎ አይደለም፤ ያ ጉንጭ የቀሰቀሰው ፍላጎት እስኪተኛ ድረስ።

አሁን የቀረው መዝገቡ ነበር። ገንዘብ ሰጪው ድርጅት ጥናቱን የሚገመግሙ ሰዎች ሊልክ አሥር ቀን ቀርቶታል። ዶክተር በዕውቀቱ የሆነውን ሲሰማ በጠቋር ሜዳ በኩል የሚያልፍ መኪና ለምኖ መጣ። የጤና ጣቢያውን በር ዘግቶ ከሲስተር ትሕትና ጋር ቆመ።

«ሲስተር፣ የዚህን ጉዳይ ሪፖርት ከግምገማው በኋላ ብናስገባው?» አላት። «ደብቂው አይደለም የምልሽ። ሳምንት ይዘግይ ነው። ይህን ካዩ ገጠር በሞርፊን አይታመንም ብለው ይዘጉታል። ዘጠና ሁለት በሽተኛ አለን። ከነገ ወዲያ የዘጠና ሁለቱ ጠርሙስ ባዶ ቢሆንስ?»

ሲስተር ትሕትና ዘጠና ሁለቱን በስም ታውቃቸዋለች። ጡቷ የቆሰለውን ሴትዮ፣ ጉሮሮው የተዘጋውን ቄስ፣ ሁሉንም።

«ያ ሰውዬ በዚያ ጀርባው ሦስት ሰዓት ተጉዞ እውነቱን ነገረኝ» አለች። «እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ባልጽፍ ነገ በየትኛው ፊቴ አየዋለሁ? ደግሞስ ይቻላል አይቻልም ብለን አይደል የምናጠናው? መልሱን አግኝተን ስናበቃ ልንሰውረው ነው?»

ዶክተር በዕውቀቱ እስክሪብቶ ጠየቃት። ሪፖርቱን ራሱ ጻፈው፤ ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ በሚያነቡት ገጽ ላይ አስቀመጠው። ስም የለበትም፤ «ተሳታፊ ቁጥር አርባ አንድ» ይላል።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ዶክተር ሲዲቃ ትባላለች፤ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት። ስብሰባው የጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል ውስጥ ነበር። ይታየው ይምጣ ያለው ሰው የለም፤ እኔ ልናገር ብሎ የመጣው ራሱ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ «አንድ ጠርሙስ ገበያ ወጥቶ ቢሸጥ ፈቃዱ የሚዘጋው ለዚህ ወረዳ ብቻ አይደለም፣ ለአገሩ ሁሉ ነው» ብሎ ሲናገር ዶክተር በዕውቀቱ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

ይታየው ተነሣ። «ቁጥር አርባ አንድ እኔ ነኝ» አለ።

ዶክተር ሲዲቃ መነጽሯን አወለቀች።

«መድኃኒቱን እርስዎ ቤት መተዋቸው ስህተት ነበር ይላሉ?»

«አባቴ መድኃኒቱን እምቢ ያሉበትን አንድ ቀን አይቻለሁ» አለ ይታየው። «እንደዚያ ሆነው ሁለት ወር ቢተኙ ኖሮ እኔ እዚህ አልቆምም ነበር። ስህተቱ መድኃኒቱ መግባቱ አይደለም። አልችልም የምልበት ቦታ አለመኖሩ ነው።»

«እንዴት ማለት?»

«ቅጹ በሩ ይቆለፋል ወይ ይላል። ሕፃን አለ ወይ ይላል። ይህን ነገር የሚፈራ ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ አይልም። ለብቻዬ፣ ደጅ አውጥቶ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር፣ አለ እል ነበር። ሱሰኛ የነበረ ሰው ቤት አባት አይታመምም ያለው ማን ነው? እኛም አባት አለን።»

ዶክተር ሲዲቃ ጻፈች። ብዙ ጻፈች። ቀና ስትል ፊቷ እንደ ቅድሙ ነው። ደግሞ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ እማሆይ፣ ስለ ሁለቱ ሴቶች ጠየቀች፤ ቤቱንም በእግሯ ሄዳ አየች። አቶ መኳንንት አልጋቸው ላይ ቀና ብለው በእጃቸው ተቀበሏት፤ «ይህን ነገር ከሌላ ሰው እንዳትወስዱት» ብቻ አሏት። አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። መኪናው ሲሄድ ማንም ምን እንደሚሆን አላወቀም።

አቶ መኳንንት መልሱን አልደረሱበትም። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጠዋት ላይ፣ ኮከቤ ፊታቸውን በሞቀ ውሃ እያበሰችላቸው፣ ይታየው እጃቸውን እንደያዘ አረፉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሰው ሁሉ እየመጣ ተሰናብቷቸዋል፤ ርስታቸውን በሚገባ ተናዝዘዋል፤ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለዋል። ለቀስተኛው ሲመለስ አንድ ሽማግሌ፣ «የመኳንንት አሟሟት የሰው አሟሟት ነው» ማለታቸውን ይታየው ሰማ። የቀረው መድኃኒት በኮከቤና በእማሆይ እጅ ለጤና ጣቢያው ተመለሰ፤ ይታየው አብሮ አልሄደም።

መልሱ መጋቢት ላይ በደብዳቤ መጣ። ሲስተር ትሕትና ቆማ ነው ያነበበችው። የሞርፊኑ ክፍል ለሦስት ዓመት ተራዘመ፤ ቅጹ ላይ የቤቱ ሰው ሁሉ ለየብቻው ደጅ እየተጠራ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ተወሰነ። የሱስ ሕክምናው ግን የተራዘመው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ተጨማሪ ማስረጃ ካልቀረበ ይቆማል ይላል። ዶክተር በዕውቀቱ ስልክ ላይ ሳቅም ቁጭትም በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «እንግዲህ ለአምስተኛ ጊዜ መጻፍ ነው» አላት።

አሁን ይታየው ሐሙስ ሐሙስ ጠቋር ሜዳ ይወርዳል። ደሞዝ የለውም። አዲስ ከመጡት ጋር ይቀመጣል፤ አንዳንዱ የቀን ሠራተኛ ነው፣ አንዳንዱ ሾፌር። ባለፈው ሐሙስ አንድ አይሱዙ ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ አይወርድም፣ አይሄድም። ናሲር ይባላል፤ ከቆላ እህል የሚያመላልስ ሰው ነው። ይታየው ሄዶ የመኪናውን በር ተደገፈ።

«በቀን ስንት ትወስዳለህ?» አለው።

«አልቆጥረውም።»

«ሲቀርብህስ?»

ናሲር መሪውን አጥብቆ ያዘ። «መኪናውን መንዳት አልችልም። ሰው እንዳልገድል እፈራለሁ» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «በዓመቱ ይዘጋል ይባላል። ጀምሬው መሃል ላይ ቢዘጋብኝስ?»

ይታየው መዋሸት አልፈለገም።

«አላውቅም» አለው። «ዛሬ ግን ክፍት ነው። ሲስተር ውስጥ ናት።»

ናሲር ሞተሩን አጠፋ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ወረደ። ይታየው ቀድሞ በሩን ከፈተለት።